«ክብደት የላትም»፦ ከድሬ አዲስ አበባ በ7 ኪሎ መመላለስ

አዲስ አበባ ልሄድ መሆኔን ለማንም ሳልናገር እንዴት እንደሚታወቅ እስካሁን አልገባኝም። ማታ በሩ ይንኳኳል። ጎረቤቴ ፌስታል ይዛ ቆማለች። «አቦ ለእህቴ ናት። ትንሽዬ ናት፤ ክብደት የላትም።» ስቀበላት እጄ ወደ መሬት ይወርዳል። የባቢሌ ለውዝ ነው፤ ከነቅርፊቱ፣ ሦስት ኪሎ።

ለሥራ በየወሩ እበራለሁ፤ አንዳንዴ በወር ሁለቴ። ድሮ ትልቅ ባለጎማ ሻንጣ ነበር የምጎትተው። ለሁለት ቀን ስብሰባ አራት ሱሪ እይዛለሁ። ቦሌ ደርሼ ሻንጣ እስኪመጣ ቆሜ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ተቀምጦ የመጣው ሰው ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄዷል። በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ሻንጣውን አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ግማሹ «ምናልባት ካስፈለገኝ» ብዬ የያዝኩት ነበር። ከቀረው ብዙው የሰው አደራ። የእኔ የምለው ሦስት ኪሎ ቢሞላ ነው።

አሁን በአንድ የጀርባ ቦርሳ ነው የምመላለሰው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርህ። አስቀድሜ ይቅርታ፤ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታ አይሆንልኝም። ሴት ከሆንሽ እየቀየርሽ አንብቢው። ሽማግሌ ከሆንክም ያው አንተ ነህ።

መጀመሪያ መዝን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው አንድ የእጅ ቦርሳ ነው፤ እስከ 7 ኪሎ፣ መጠኑ 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር። በሌላ አየር መንገድ የምትቀጥል ከሆነ ደንቡ ሊለይ ይችላልና ትኬትህ ላይ እየው። እኔ ሁሉን ነገር የምለካው በዚህች 7 ኪሎ ነው።

ሚዛን የለኝም አትበል። የሰፈርህ ሱቅ ሽንኩርት የሚመዝንበት አለው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ብትዞር ደግሞ ሻንጣ የሚንጠለጠልባት ትንሽ የእጅ ሚዛን አታጣም። እሷም ካልተገኘች የሰውነት ሚዛን ላይ ባዶህን ውጣ፣ ከዚያ ቦርሳውን አዝለህ ውጣ፣ ልዩነቱን ያዝ።

ቀድሞ የሚመዘነው ባዶው ቦርሳ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ባለጎማ ሻንጣ ባዶውን 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። አንድ ካልሲ ሳልጨምርበት ከተፈቀደልኝ ግማሹን ሊበላው ትንሽ ነው የቀረው። አሁን የምይዘው የጀርባ ቦርሳ 900 ግራም ነው። አንድም ልብስ ሳልቀንስ ከሁለት ኪሎ በላይ አተረፍኩ።

ከዚያ ኪሎውን እንደ ደሞዝ አከፋፍለው። የእኔ እንዲህ ነው፦ ቦርሳው 900 ግራም፤ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 1 ኪሎ ከ900፤ ልብስ 2 ኪሎ፤ የመታጠቢያ ዕቃ 400 ግራም፤ የስልክ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና ወረቀት 500 ግራም። ሲደመር 5 ኪሎ ከ700። የቀረው 1 ኪሎ ከ300 የአደራ ነው። አዎ፣ ለአደራ በጀት ይዣለሁ። ድሬ እየኖሩ ለአደራ ቦታ ሳይተዉ መነሳት ራስን መሸወድ ነው።

ጎማውን ለምን ተውኩት?

ባለጎማ ሻንጣ ከክብደቱ ሌላም ጣጣ አለው። በአገር ውስጥ መስመር አንዳንዴ ቦይንግ 737 ይመጣል፣ አንዳንዴ ባለፕሮፔለሩ ዳሽ 8። የዳሽ 8 የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ደረቅ ሻንጣ ደግሞ አይጨመቅም። ደረጃው ሥር ይቀበሉህና ከታች ይጫናል። ለስላሳ ቦርሳ ግን ጫን ሲሉት ይገባል፤ ካልገባም ከፊትህ ካለው ወንበር ሥር ይሄዳል።

ከሐረር የምትነሳ ከሆነ ከበረራው በፊት ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ አለብህ። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት በደንገጎ ቁልቁለት ወርደህ ድሬ ነው የምትሳፈረው። ሚኒባስ ላይ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ከረዳት ጋር ሒሳብ መጨቃጨቅ የሚወድ ሰው ይያዝ። ጭንህ ላይ የምታስቀምጠው ቦርሳ ግን ማንም አይጠይቅህም።

ልብስ፦ ከሙቀት ወደ ብርድ

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቦሌ ከ2,300 በላይ ነው። ከድሬው ከዚራ ሰፈር ላብህን እየጠረግህ ወጥተህ ቦሌ በር ላይ ጥርስህ ይንገጫገጫል። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም አይቻልም። የድሬ ሰው ሻንጣ በሹራብ የሚሞላው ለዚህ ነው።

ወፍራሙን ካፖርት ተወውና ስስ ስሱን ደርብ። ቲሸርት፣ በላዩ ሸሚዝ፣ በላዩ ስስ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት። የሚያሞቅህ በልብሶቹ መካከል የሚታፈነው አየር ስለሆነ፣ አራት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም አያንስም። ሲሞቅህ ደግሞ አንድ አንድ እያልክ ታወልቃለህ። ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ አታስገባው። በድሬ ፀሐይ ልበሰውም አልልህም፤ ሰው ወባ የያዘህ ይመስለዋል። ክንድህ ላይ ጣል አድርገው። የለበስከው ልብስ ከቦርሳው ጋር አይመዘንም። ጫማም እንዲሁ ነው፦ ከባዱ እግርህ ላይ፣ ነጠላ ጫማው ቦርሳ ውስጥ። ሁለተኛ ሽፍን ጫማ መያዝ ካቆምኩ ቆየሁ። እግሬን ያየው የለም።

ለአራት ቀን፣ ከለበስኩት ሌላ የምይዘው ይህን ነው፦ አንድ ሸሚዝ፣ ሁለት ቲሸርት፣ አንድ ሱሪ፣ ሦስት የውስጥ ሱሪ፣ ሦስት ካልሲ፣ ሹራቡ፣ ነጠላ ጫማና ሽርጥ። ሁለቱም ሱሪዎች ከሁሉም ሸሚዝ ጋር የሚሄድ ቀለም ሊኖራቸው ይገባል። ከአንድ ሸሚዝ ጋር ብቻ የሚያምር ሱሪ ቤት ይቀመጥ።

ስለ ሽርጥ ዝም ብዬ አላልፍም። የድሬ ወንድ ቤቱ የሚውልበት ይሄ ስስ ጨርቅ ለመንገደኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ማታ እተኛበታለሁ። ጠዋት ፎጣ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። አውሮፕላን ውስጥ አየሩ ሲበርድ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። የሆቴሉ ትራስ ካላማረኝ አለብሰዋለሁ። ፎጣ፣ ፒጃማና አንሶላ ባንድ ላይ 250 ግራም። ለሴቶች ድሪያ፣ ያ ሰፊው ስስ ቀሚስ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ተጠቅልላ እጅ ውስጥ ትገባለች፤ ብትጨማደድም አያስታውቅባትም።

እናቴ ግን በሽርጥ አታምንም። «ጋቢ ሳትይዝ?» ትላለች በየጊዜው። ጋቢ ብቻውን ከኪሎ በላይ ነው፤ የቦርሳውንም ግማሽ ይይዛል። ደግሞ አዲስ አበባ ጋቢ የሌለው ቤት የት አለ? ገና ሳትቀመጥ ያለብሱሃል።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። ቲሸርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ። የታችኛውን ጠርዝ አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ ገልብጠው። ሁለቱን ጎን ከነእጅጌው ወደ መሃል አጥፍ። አሁን ከአንገቱ ጀምረህ፣ እንጀራ እንደምትጠቀልለው፣ አጥብቀህ ወደ ታች ጠቅልል። መጨረሻ ላይ ያ የገለበጥከው ጠርዝ ኪስ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ በጥቅሉ ላይ መልሰህ አልብሰው። ከግድግዳ ጋር ብትወረውረው አይፈታም። የውስጥ ሱሪና ካልሲም በዚሁ መንገድ ይጠቀለላል። ሸሚዝ ብቻ አይጠቀለልም፤ ታጥፎ በላፕቶፑ ጎን ጠፍጥፎ ይቀመጣል።

ፈሳሽ ነገርና የቅቤው ጉዳይ

ቦሌ ላይ ወደ ውጭ አገር የምትቀጥል ከሆነ በእጅ ቦርሳህ የምትይዘው ማንኛውም ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። የሚታየው የዕቃው መጠን ነው። ግማሹ ያለቀ የ200 ሚሊ ሎሽን አያልፍም። የጥርስ ሳሙናም፣ ማርም፣ እርጎም በፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ፈሳሽን መቀነስ ነው። በሻምፖ ፈንታ ደረቅ ሳሙና፣ በሎሽን ፈንታ በትንሽ ቆርቆሮ ቫዝሊን፤ እሱም በፈሳሽ ቢቆጠርም ትንሽ ነው። ሽቶ ከወደድክ ትንሽ ብልቃጥ ላይ ቀንስ። መፋቂያ ደግሞ የትም አለ።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ቦሌ የጠጣኸውን የውሃ ላስቲክ ከድነህ ድሬ ስትወርድ እየው፤ ጎኑ ተጨምድዶ ታገኘዋለህ። ቦሌ ከፍታ ላይ የገባበት አየር ስስ ነው፤ ድሬ ላይ ያለው ወፍራም አየር ይጫነዋል። ስትሄድ ደግሞ ግልባጩ ይሆናል። ድሬ ላይ የተከደነ ነገር አዲስ አበባ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። የሚያገኘው መውጫ ክዳኑ ነው፤ ፈሳሹንም ይዞት ይወጣል።

ይህን የተማርኩት በቅቤ ነው። አክስቴ ለልጇ ብላ አንድ ጣሳ ቅቤ ሰጠችኝ። ድሬ ላይ ቅቤ ረግቶ አይቀመጥም፤ ዘይት ሆኗል። ጣሳውን ቦርሳው ውስጥ አቁሜ፣ ከጎኑ ሰው ሊፈርምባቸው የሚጠብቃቸውን ወረቀቶች አስቀመጥኩ። አዲስ አበባ ስከፍተው ወረቀቶቹ በጀርባቸው በኩል የሚነበቡ ሆነዋል። ስብሰባ ላይ ሳወጣቸው ክፍሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔው ነው።

ስለዚህ፦ ጠርሙሱ ለስላሳ ላስቲክ ከሆነ ከመክደንህ በፊት ጎኑን ተጭነህ አየሩን አስወጣ፣ እንደተጫንክ ክደን። አፉ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ጣል አድርገህ ክዳኑን በላዩ አጥብቅ። ከዚያ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ። ቦርሳው ውስጥ ከወረቀትና ከላፕቶፕ አርቀህ፣ ከሁሉም በታች። ስትደርስም ቀስ ብለህ ክፈተው።

ባትሪ

ፓወር ባንክ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ሁሌም ከአንተ ጋር ነው። ሊቲየም ባትሪ ሊግል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ካቢን ውስጥ ሰው ያየዋል፤ ከታች ማንም የለም። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዕቃው ላይ በሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ከተጻፈ ቁጥሩን በ3.7 አባዛና ለ1,000 አካፍል። 20,000 ያለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ችግር የለውም። 30,000 ያለው 111 ነው፤ ቤት ይቅር። በነገራችን ላይ ለአራት ቀን 10,000ው ይበቃል፤ ክብደቱም ግማሽ ነው።

ፓወር ባንኩን፣ መድኃኒት፣ መታወቂያና ብር በአንዲት ትንሽ ቦርሳ አድርጌ በጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከዕቃው ሁሉ በላይ ነው የማስቀምጠው። ዳሽ 8 ደረጃ ሥር «ይህ ቦርሳ ከታች ይሂድ» ቢሉኝ ያቺን መንጭቄ እወጣለሁ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ልብስ መበርበር የለም።

አደራ

ዋናው ምዕራፍ ይህ ነው። ሰው አደራን እንዴት እምቢ ይላል? አይልም። ግን ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል።

አንደኛ፣ ሚዛኗን በሩ አጠገብ ሰቀልኳት። ፌስታል ሲመጣ ባለቤቷ ፊት አንጠለጥለዋለሁ። ጎረቤቴ መጀመሪያ ቀን ቅር ብሏት ነበር። «ለኔ ልትመዝን?» አለች። ቁጥሩ 3.1 ሲል ራሷ ሳቀች። «ወላሂ ሳየው ትንሽ ነበር።» በረንዳው ላይ ተቀምጠን ለውዙን ፈለፈልነው። የለውዝ ቅርፊት ከጠቅላላው ክብደት ሩብ ያህል ስለሆነ ሁለት ኪሎ ከምናምን ቀረ። ኪሎዋን ያዝኩላት፤ የቀረው ለሚቀጥለው ጉዞ። እስኪ አሁን፣ ቅርፊት አውሮፕላን ላይ መጫን ምን ይባላል?

ሁለተኛ፣ ተከፍቶ ያልታየ ነገር አልይዝም። ፕላስተር የተጠመጠመበት ካርቶን፣ የተሰፋ ከረጢት፣ «ልብስ ነው» የተባለ ጥቅል፦ ባለቤቱ እያየ ይከፈታል። ይህን ከዘመድም አልደብቅም። ቦርሳው ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ቦርሳውን የያዘው ነው። ጉዞህ ወደ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በል። እዚህ በየመንገዱ የሚሸጥ ጫት ኔዘርላንድስ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 (ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር) አግደውታል፤ አሜሪካም ክልክል ነው። «ለወንድሜ ጥቂት ዛላ» ብላ የላከችህ ሴት እዚያ አትገኝልህም።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ ነገር ከድሬ አይጓዝም። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሳሙና ለመላክ የሚመጣ ሰው አለ፤ ስቄ እመልሰዋለሁ። ገንዘቡን በቴሌብር ላክላት፣ እዚያው ትግዛ። ኪሎዬን የማወጣለት የሐረር ቡና፣ የባቢሌ ለውዝና ሐላዋ ነው። ማንጎ በወቅቱ ይፈቀዳል፤ ግን ያልበሰለውን። የበሰለ ማንጎ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ማንጎ ሆኖ አይወጣም። ቡና ሲቆላ እስከ አንድ አምስተኛ ክብደቱን ያጣል። ስለዚህ ቆልቶ መያዝ ይቀላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ እኔ ግን ጥሬውን እይዛለሁ። ቡና ተቆልቶ መሄዱ ጭሱን መስረቅ ነው።

ከ1 ኪሎ ከ300 በላይ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሠርግ፣ ትኬትህ በሚፈቅደው ኪሎ አደራውን ለብቻው ከታች አስጭነው። የራስህን ዕቃ አትቀላቅል። ቢዘገይም አንተ ልብስህ ትከሻህ ላይ ነው።

ፍተሻና መሳፈር

ፍተሻው ሁለቴ ነው፤ ወደ ሕንፃው ስትገባ አንዴ፣ ወደ መሳፈሪያው ስታልፍ ሌላ። ሰልፍ ላይ ሆነህ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ሰዓትና ስልክ ሁሉ ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ክተት፣ ዚፑን ዝጋ። ጃኬቱ በማሽኑ ሲያልፍ ሁሉም አለፈ። ቀበቶ አላስርም፤ ወገቡ ላስቲክ ያለው ሱሪ አለኝ። ጫማዬም ክር የለውም። ላፕቶፑ ከቦርሳው ጀርባ ስለሆነ በአንድ እጅ ይወጣል። መቀስ፣ ጩቤ፣ ምላጭ የሚባል ነገር ማታውኑ አውጣ። ለአንዲት የጥፍር መቀስ ቦርሳው ተገልብጦ፣ የጠቀለልከው ሁሉ በሰው ፊት ሲዘረዘር አስበው።

ማታ ማጠብ

በአንድ ሸሚዝና በሁለት ቲሸርት አራት ቀን መቆየት የሚቻለው ማታ ማታ አንዲት ነገር ካጠብክ ነው። ድሬ ላይ ያሰጣኸው በሰዓት ይደርቃል። አዲስ አበባ በክረምት ግን ያሰጣኸውን ካልሲ ለሁለት ቀን እንደ በሽተኛ ትጠይቀዋለህ።

ዘዴው ጨመቃው ላይ ነው። ቲሸርቱን አጥበህ በማጣመም ብቻ አትብቃቃ። የሆቴሉን ፎጣ ወይም ሽርጥህን መሬት ላይ ዘርጋ፣ ቲሸርቱን በላዩ ዘርጋ፣ ሁለቱን አብረህ ጠቅልል። ከዚያ በባዶ እግርህ ቁምበት። በተረከዝህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂድበት። ስትፈታው ፎጣው ይረጥባል፣ ቲሸርቱ እርጥበት ብቻ ይቀረዋል። ወንበር ላይ አታጥፈው፤ በማንጠልጠያ ከመስኮቱ ፊት ስቀለው። ስስ ከሆነ ለጠዋት ይደርሳል። ጂንስ በዚህ አይሆንም። ጂንስ ለመንገደኛ አይሆንም።

ስትመለስ

ከአዲስ አበባም ባዶ እጅህን አይሸኙህም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ። ስለዚህ ስትሄድ አንዲት ታጥፋ ኪስ የምትገባ የጨርቅ ቦርሳ ያዝ። ለውዙና ቡናው ከወረደ በኋላ የእነሱን ቦታ በርበሬው ይወስዳል። ከተረፈ ጨርቋ ትቀበላለች። በርበሬ በሁለት ላስቲክ ይታሰር፤ አለዚያ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ሸሚዝህን ባራገፍክ ቁጥር ታስነጥሳለህ።

ቤት እንደገባህ፣ ሳትተኛ፣ ቦርሳውን አልጋ ላይ ዘርግፈው። ያልነካኸውን ለይ። በስልክህ ጻፈው፦ «ሰማያዊ ቲሸርት፣ አልለበስኩም። ጃንጥላ፣ አልዘረጋሁም።» ሦስት ጉዞ በተከታታይ ያልነካኸው ነገር አራተኛው ላይ አይሄድም። መድኃኒት ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የእኔ ዝርዝር ላይ ባለፈው የቀረችው ጃንጥላዋ ናት፤ 400 ግራም። ያንን ለጎረቤቴ አልነገርኳትም።